የአጥሩ ጣሳ

ያ ጣሳ ከአቶ ሀብተማርያም ግቢ በር አጠገብ፣ ከአጥሩ ግንድ ላይ ተንጠልጥሎ ስንት ዓመት እንደኖረ እንጃ። ልጃቸው ሰርኬ ነፍስ ስታውቅ እዚያው ነበር። አፉ የተጣመመ፣ ቂጡ የዛገ ተራ ቆርቆሮ ነው። የቤቱ ሰው አይጠጣበትም፤ እንግዳም አይጠጣበትም። የሚጠጣበት ቀጥቃጩ ባጫ ነበር፤ እሱ ካረጀ ወዲህ ደግሞ ልጁ ጉልላት። ጉልላት የተሳለ ማጭድ ሊያደርስ፣ የበር ማጠፊያ ሊመታ መጥቶ ውሃ ሲጠማው ጣሳውን ራሱ ከሚስማሩ ያወርዳል። አክስት ዋጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ ማሰሮዋ ጣሳውን እንዳይነካ ከፍ አድርጋ ይዛ ታንቆረቁርለታለች። ጠጥቶ፣ አለቅልቆ፣ መልሶ ይሰቅለዋል።

«እኔ እኮ ክፋት የለብኝም፤» ትላለች ዋጋነሽ እሱ ሲሄድ። «ግን የቀጥቃጭ ዓይን ነገር… ቆሎ እንኳን በፊቱ አልቆረጥምም። ሰው ይበላሉ!»

ሰርኬ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ዋጋነሽ መች ዋሸች? ያ ዓይን ሰርኬን በልቷታል። እህል ያስጠላት፣ ከሰው ጋር ተቀምጣ ሳለ ልቧን ወደ ጉልላት ጎጆ፣ ኮልፌ ቁልቁለት የሚወስድባት ያው ዓይን ነው። ታዲያ እንዲህ ያለውን መበላት ማን ይጠላል?

የተጀመረው በዶማ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ፣ ሰርኬ የደነዘዘ ዶማ እጀታውን አውልቃ ወደ ጉልላት ጎጆ ወሰደች። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቤቱ ጣጣ የእሷ ነው። ዶማው ተስሎ ሲመለስ እጀታው ከሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘች። ጉልላት ከጦርነቱ በፊት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምሯል፤ ጽሕፈቱ የልጅ ጽሕፈት ይመስላል። «እግርሽን እንቅፋት መትቶሽ ስታነክሺ አየሁ። አሁን ተሻለሽ?» ይላል። ሌላ ምንም የለበትም። ሰርኬ ግን ወረቀቱን ሃያ ጊዜ አነበበችው። በሰው ፊት «እርስዎ» እያለ መሬት መሬት የሚያየው ሰው፣ ወረቀት ላይ «አንቺ» ብሏታል።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ! የአቶ ሀብተማርያም ቤት ዶማ የደነዘዘውን ያህል የቀራንዮ ሰፈር ዶማ ሁሉ ተደምሮ አልደነዘዘም። ዋጋነሽ «ይሄ ዶማ ድንጋይ ነው እንዴ የሚቆፍረው?» ብላ ብትገረም ሰርኬ ትስቃለች፤ ደስታዋ ሳቅ ሆኖ ያመልጣታል።

ደስታው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። በ1931 መጋቢት ላይ ጉልላት ሦስት ሽማግሌ ላከ። ሰርኬ ከጓዳ በር ጀርባ ሆና ትሰማለች።

አባቷ ጣሊያን ሳይገባ የቀራንዮ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። ጉቦ የማያውቁ፣ ለዘመድ የማያዳሉ፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚለው ተረት ከአፋቸው የማይለይ ሰው። አገሩ ሁሉ «ሀብተማርያም ከፈረደብኝ አልከፋኝም» ይል ነበር። እና እኚህ ሰው ሽማግሌዎቹን በትሕትና ሰምተው፣ «የማን ልጅ ነው?» አሉ።

«የባጫ። ከሊሙ ወገን ናቸው። ክርስቲያን ናቸው፤ ልጁም ታታሪ፣ ምግባሩ ያማረ።»

አቶ ሀብተማርያም «እኔ ሰው አልንቅም፤» አሉ። «ግን ሕግ አለ። እኛ ሰባት ቤት አጥንት ቆጥረን ነው የምንጋባው። እኔ ከአባቶቼ የተቀበልኩትን እንዴት ላፍርስ? ለልጁ ደህና ሁን በሉልኝ። ማጭድ ሲሠራም እጁ የተባረከ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ወጡ። ሰርኬ ከበሩ ጀርባ ቁጭ አለች። አባቷ ቢሳደቡ፣ ቢቆጡ ኖሮ ትጠላቸው ነበር፤ ያን ጥሩ፣ ቀስ ያለ ድምፃቸውን ግን እንዴት አድርጋ ትጥላው? ማልቀስ እንኳን አልመጣላት አለ።

በሰኔ ደግሞ የባሰው መጣ። የሰርኬ ወንድም ይገዙ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ከገበያ ሲመለስ የጣሊያን ካሚዮን ከመንገዱ ወጥቶ ኮልፌ ቁልቁለት ላይ ገጨው። ሹፌሩ መኮንን ነበር። ወርዶ የካሚዮኑን መብራት አየ፣ በመሐረብ ጠረገው፣ ተሳፍሮ ሄደ። ይገዙን ዞር ብሎ አላየውም።

ጎጆው ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ጉልላት ሁሉንም አይቷል። ወናፉን ጥሎ ሮጦ ይገዙን አነሣው፤ ታቅፎት ያን ሁሉ ዳገት ወጣ፤ ይገዙ እቅፉ ላይ እንዳለ ነፍሱ ወጣች። የሀብተማርያም በር ሲደርስ ግን ቆመ። «ግባ» ያለው አልነበረምና ቆመ። ሰርኬ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ፣ ወንድሟን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ ሸሚዙ በደም ርሶ፣ እግሩ ግን ከበሩ መስመር ሳያልፍ፣ ከዚያ ከተሰቀለ ጣሳ ሥር ቆሞ አየችው።

«ግባ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ!» ብላ ጮኸች።

ጉልላት አባቷን አየ። አቶ ሀብተማርያም ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ ያቀፈውንም የታቀፈውንም ሰው ለይተው አላዩም። «ማነው? ምንድነው?» ይላሉ። በመጨረሻ ጎረቤት መጥቶ ሬሳውን ከጉልላት እጅ ተቀበለው። ሰርኬ የዚያን ቀን ያለቀሰችው ለሁለት ሰው ነው፤ ይህን ግን ለማን ትናገር?

አቶ ሀብተማርያም ከአርባው በኋላ ከሰሱ። ሰው ሁሉ «ተው፣ ጣሊያንን ማን ከሶ ያውቃል?» ቢላቸው፣ «ዳኛ ነበርኩ፤ ዳኛ ካለ ደግሞ ፍርድ አለ» አሉ። ዘመኑ እኮ ነጭና ጥቁር በአንድ አውቶቡስ የማይሳፈርበት፣ በአንድ በር የማይገባበት ዘመን ነው። እሳቸው ግን ሕግ የሚባለው ነገር እንደ ፀሐይ ለሁሉም የሚወጣ ይመስላቸው ነበር።

ምስክር ሊሆኑ የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች «አላየንም» አሉ። ፈሩ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ጉልላት ብቻ ቀረ። አቶ ሀብተማርያም በሰርኬ ተመርተው ኮልፌ ወረዱ፤ ከጎጆው ደጅ ቆሙ፤ አልገቡም።

«ያየኸውን ትመሰክርልኛለህ?»

«እመሰክራለሁ ጌታዬ።»

«ሊያስሩህ ይችላሉ።»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

ሰርኬን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም ተከፋችበት። «ለእኔ ብሎ ነው፤ በአንገቱ እየገዛኝ ነው» አለች። እቤት ገብታ ዶማውን ከእጀታው አወለቀች፤ ከመጋቢት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «አትመስክር። እኔን ብለህ ከሆነ፣ በእስር ቤት ያለ ሰው ምን ያደርግልኛል? እለምንሃለሁ» ብላ ላከችለት።

መልሱ በማግስቱ መጣ።

«ሰርኬ ሆይ፣ አትቀየሚኝ፤ ለአንቺ ብዬ አይደለም። አንቺን ብል ኖሮ ዝም ብዬ እኖር ነበር፤ አንቺን በሩቅ ማየትም ይበቃኝ ነበር። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የአባቴ በሬ ተሰረቀ። አባቴ በአባትሽ ችሎት ሦስት ምስክር አቆመ፤ ሦስቱም ቀጥቃጭ። ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። አባትሽ 'የእነዚህ ቃል አይቆጠርም' አሉ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። ሰርኬ፣ ይገዙን በዓይኔ አይቻለሁ፤ እጄ ላይ ነው የሞተው። የኛ ቤት ሰው ያየው ነገር አንድ ቀን ወረቀት ላይ ሲጻፍ ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በኋላ ያሻቸውን ያድርጉ።»

ሰርኬ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አባቷን ስታያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አፈረችባቸው፤ በዚያው ደግሞ አሳዘኗት።

በችሎቱ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ነጮቹ በፊት በር ይገባሉ፤ የአገሬው ሰው በኋላ፣ በከብት በረት በኩል። አቶ ሀብተማርያም ከንፈራቸው ደረቀና ውሃ ጠየቁ። ዘበኛው ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ አባረራቸውና ከአጥሩ ሥር ያለ በርሜል አሳያቸው። በርሜሉ ላይ ቆርቆሮ ታስሯል። «የእናንተ ያ ነው!» አላቸው።

ሰርኬ ቀድታ ሰጠቻቸው። አቶ ሀብተማርያም ቆርቆሮውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ የተጣመመ አፉን፣ የዛገ ቂጡን። ረጅም ጊዜ ይዘውት ቆሙ። ከዚያ ጠጡ።

ጉልላት ወንጌል ጨብጦ ምሎ ተናገረ። ምን እንዳየ፣ ካሚዮኑ የት ጋ ከመንገድ እንደወጣ፣ መኮንኑ መብራቱን በመሐረብ እንደጠረገ፣ ሁሉንም ቀስ ብሎ፣ ሳይፈራ ተናገረ። የጣሊያኑ ጸሐፊ ይጽፋል። ሰርኬ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ አየች፤ ጉልላትም ያንኑ ብዕር ያያል። ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር እሷ ብቻ ናት ያወቀችው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ያማረ ሰው አይታ አታውቅም።

አስተርጓሚው ወንድይፍራው ይባላል። ያን ጊዜ በባጫ ክስ ላይ ብዕሩን ያስቀመጠው ጸሐፊ እሱ ነው፤ ከወረራው በፊት አቶ ሀብተማርያም ዘንድ ይጽፍ ነበር፤ አሁን የጣሊያን እንጀራ ይበላል። ጎንበስ ብሎ በዳኛው ጆሮ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ዳኛው ፈገግ አለና አቶ ሀብተማርያምን አስቀረባቸው።

«ዳኛ ነበርክ አሉ፤» ብሎ ተረጎመ ወንድይፍራው፣ ዓይኑን ከአሮጌው ጌታው እያሸሸ። «ወንጌል ጨብጠህ መልስ። አንተ ችሎት ላይ ሳለህ የቀጥቃጭ ምስክርነት ትቀበል ነበር?»

ሰርኬ የአባቷን እጅ ታያለች፤ ወንጌሉ ላይ ተቀምጧል። ዋሹ አባዬ! በመድኃኔዓለም ይዤዎታለሁ፣ አንዴ ብቻ ዋሹ! ብላ በሆዷ ጮኸች።

«አልቀበልም ነበር፤» አሉ አቶ ሀብተማርያም።

«ለምን?»

«ቃላቸው… በእኛ ዘንድ አይቆጠርም ነበር።»

ዳኛው ሳቀ፤ ክፋት ያለበት ሳቅም አልነበረም፣ ነገር የቀለለለት ሰው ሳቅ ነው። «እናንተ እንኳ እርስ በርሳችሁ እኩል ካልሆናችሁ፣» ብሎ ተረጎመ ወንድይፍራው፣ ድምፁ እየሰለለ፣ «በእናንተ ዘንድ ያልተቆጠረ ቃል እንዴት በጣሊያን መኮንን ላይ ይቆጠራል? ይኸው ሰውየው ራሱ መሰከረ።» ጸሐፊው የጻፈውን ወረቀት ሳበና ከላይ እስከ ታች በመስመር ሰረዘው። ክሱ ተዘጋ። ጉልላት በነጭ ላይ በሐሰት መስክረሃል ተብሎ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

ካቴና ሲያስገቡለት ዘበኞቹን አላያቸውም። የተሰረዘውን ወረቀት ነበር የሚያየው። ሰርኬ አባቷን መርታ ወደ ቤት ተመለሰች።

እቤት ሲገቡ አቶ ሀብተማርያም መደቡ ላይ ተቀመጡ። «ወንጌል ጨብጬ ምን ልበል ልጄ?» አሉ። «እድሜዬን ሙሉ ያልዋሸሁትን…»

«እውነት ስለተናገሩ አይደለም የማዝንብዎት አባዬ፤» አለች ሰርኬ። አባቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ከፍ አለ። «እውነቱ እንደዚያ ስለነበረ ነው! ጣሊያን ያን ፍርድ ከየት አመጣው? ከእርስዎ ችሎት ነው የተዋሰው! ጉልላት የይገዙን ሬሳ ታቅፎ እደጃችን ቆሞ ነበር እኮ። ግባ የሚለው አጥቶ! ዛሬ ያን ቆርቆሮ ሲያስጨብጡዎት ምን ተሰማዎት? ይንገሩኝ፤ ጉልላት በየሳምንቱ ይሰማው የነበረው ያው ነው።»

«አንቺ ልጅ! አባትሽን!» አለች ዋጋነሽ ከጓዳ።

«ተያት፤» አሉ አቶ ሀብተማርያም።

«እወደዋለሁ አባዬ። ይወቁት። ከዶማ ቀዳዳ ውስጥ ደብዳቤ እያወጣሁ ሁለት ዓመት ወድጄዋለሁ። አጥንት ይቁጠሩ ካሉ ይቁጠሩ፤ እኔ የእሱን አጥንት ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ የሰው አጥንት ነው።»

ሰርኬ ደጅ ወጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትደክም ድረስ አለቀሰች።

በሳምንቱ እስረኞቹ ወደ ጊቤ ሊወርዱ ነው ተባለ፤ ለጅማ መንገድ ድንጋይ ሊፈልጡ። የጊቤ ንዳድ ማለት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። አምስት ዓመት ተፈርዶበት ጊቤ የወረደ ሰው ሁለተኛውን ዓመት አያይም ይባላል። ካሚዮኖቹ ድንጋይ መፍለጫ ሊጭኑ ኮልፌ እንደሚቆሙ ሰምታ፣ ሰርኬ ከጠዋቱ ነጠላዋን አደግድጋ ተነሣች። ከበሩ ስትደርስ አባቷ ዘንጋቸውን ይዘው ቆመው አገኘቻቸው። በሌላው እጃቸው የቀንድ ዋንጫቸውን ይዘዋል፤ ከአባታቸው የወረሱትን፣ ከእሳቸው በቀር ማንም ጠጥቶበት የማያውቀውን። ውሃ ሞልተውታል።

«ምሪኝ፤» አሉ።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ውሃው እየፈሰሰ እጅጌያቸውን አራሰው። ካሚዮኖቹ ቆመዋል። እስረኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቆራኝተው መሬት ተቀምጠዋል፤ ዘመድ እያለቀሰ ከዳር ቆሟል። ጉልላት ከስቷል፤ ጺሙ አድጓል። ሰርኬን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ ካቴናው መልሶ አስቀመጠው። ዘበኛው፣ ለጣሊያን ያደረ የአገር ተወላጅ አስካሪ፣ ሽማግሌውን አይቶ «ቶሎ!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ጉልላት፤» አሉ አቶ ሀብተማርያም። በስሙ ጠርተውት አያውቁም ነበር። «ውሃ አምጥቼልሃለሁ።» ዋንጫውን ዘረጉ።

ጉልላት ዋንጫውን አየው። ከዚያ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደለመደው፣ የታሰሩ ሁለት እጆቹን ካቴናው እስከፈቀደለት ገጥሞ፣ መዳፉን ጎድጓዳ አድርጎ ከዋንጫው ሥር ዘረጋ፤ ዋንጫውን በአፉ እንዳይነካ፣ በእጁ እንዲንቆረቆርለት።

ሰርኬ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሰረዙት ወረቀት ይልቅ እነዚያ የተዘረጉ መዳፎች ልቧን ሰበሩት።

አቶ ሀብተማርያም ዋንጫውን የሚቀበላቸው ቢያጡ በእጃቸው ዳሰሱ፤ መዳፉን ነኩት፤ ገባቸው። «አይሆንም፤» አሉ። «አይሆንም ልጄ። በአፍህ ጠጣ።» ተንበርክከው ዋንጫውን ከንፈሩ ላይ አደረጉለት። ግማሹ ጺሙ ላይ ፈሰሰ። ጉልላት ጠጣ። የቀረውን አቶ ሀብተማርያም ከዚያው ከጠጣበት በኩል፣ በሰው ሁሉ ፊት ጠጡት። ከዳር ከቆመው ሰው መካከል አንዱ «እግዚኦ!» ሲል ተሰማ።

«ስትመለስ…» አሉ። «ስትመለስ ሽማግሌ ላክ።»

ጉልላት አያቸው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ሽማግሌማ ልኬ ነበር ጌታዬ፤» አለ።

ዘበኛው ጮኸ፤ እስረኞቹን እየገፋ ጫናቸው። ጉልላት ከካሚዮኑ ላይ ሆኖ ሰርኬን ፈለጋት። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ መሬት ሳያይ፣ «አንቺ!» ብሎ ጠራት። «ሰርኬ! አንቺ አታልቅሺ!» እሷም ለመሳቅ ሞከረች፤ የምትሰጠው ሌላ ምን ነበራት? ካሚዮኑ ኮልፌን ዞሮ አቧራው ብቻ ሲቀር እዚያው ቆማ ነበር፤ ደስታና ሐዘን ባንድ ላይ ደረቷን ሊቀድዱት ነበር።

አባትና ልጅ ዳገቱን ወጡ። ከበራቸው ሲደርሱ አቶ ሀብተማርያም የሰርኬን እጅ ለቀው አጥሩን በዳበሳ ያዙ። ግንዱን አገኙ፣ ሚስማሩን አገኙ፣ ጣሳውን አወረዱ። ሰርኬ ሊወረውሩት መሰላት። የቀንድ ዋንጫውን ለእሷ ሰጧት።

«ይህን ለእሱ አስቀምጪለት፤» አሉ። «እስኪመለስ ድረስ የእኔ ውሃ በዚህ ይሁን። የፈረድኩት እኔ ነኝ።»

«ወንድሜ፣ አብደሃል?» አለች ዋጋነሽ ደረቷን ይዛ።

ሰርኬ ግን ማሰሮውን አነሣች። ጣሳውን ከአባቷ እጅ ተቀበለች፤ አጠበችው፤ ሞላችው፤ በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው። በማግስቱም ሰጠቻቸው፤ በሳምንቱም፣ በወሩም። ከጊቤ ወሬ ሳይመጣ በጋው አለፈ። በየቀኑ ቀዳችላቸው። ይቅር ግን አላለቻቸውም።